«ሙያህን ጠብቅ» ለሚሉን



በቋንቋችን የሰውን ወኔ የሚሰልቡ ቃላት ሞልተዋል። «ነካኪ» አንዱ ነው፤ ሁሉን ይጀምራል፣ አንዱንም አይጨርስም ለማለት። «ምን አገባህ» ሁለተኛው ነው። «ሙያህን ጠብቅ» የሚለው ግን ከሁለቱም የከፋ ነው፤ ስድብ ሳይመስል፣ እንዲያውም ምክር መስሎ ይመጣልና። አባት ለልጁ ይለዋል፤ አለቃ ለሠራተኛው ይለዋል፤ የማኅበር ሊቀ መንበርም ጥያቄ ለሚያበዛበት አባል ይለዋል። ዛሬ ብዕሬን ያነሣሁት ይህን ምክር ለመሞገት ነው።

እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ። አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነበርኩ። አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ስንጠብቅ ስለ ከዋክብት ነገር ካነሣሁ ጓደኞቼ ይስቃሉ፤ «ጋሼ፣ አንተ ሜትርህን ቁጠር፣ ኮከቡን ለቆጣሪው ተወው» ይሉኛል። ቀልዳቸውን እወድደዋለሁ። ይሁንና ከቀልዱ ሥር አንድ እምነት ተቀምጧል፤ እሱን አልወድደውም። እምነቱም እንዲህ የሚል ነው፦ ዕውቀት እንደ እርሻ መሬት በድንበር ተከልሏል፤ ድንበሩን የዘለለ ሌባ ነው፤ ወይም እብድ ነው።

ለክርክሬ ምስክር የምጠራው አንድ ሰው ነው። ቶማስ ጎልድ ይባላል። አስትሮፊዚስት ነበር፤ ማለትም ከዋክብት ከምን እንደ ተሠሩና በምን ኃይል እንደሚያበሩ በፊዚክስ ሕግ የሚመረምር ሊቅ። (በእኛ ዘንድ «ኮከብ ቆጣሪ» ሲባል ዕጣ ፈንታ ተናጋሪ ስለሚመስል ይህን መለየት ግድ ነው።) ሰውየው ግን በከዋክብት ብቻ አልቆመም። ስለ ሰው ጆሮ ጻፈ፤ ስለ ጨረቃ አፈር ጻፈ፤ ስለ ምድር መሽከርከሪያ ዘንግ ጻፈ፤ ስለ ነዳጅ ዘይትና በድንጋይ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ጻፈ። በእኛ ሚዛን የነካኪዎች አለቃ ነው። በአንዳንዱ እጅግ ትክክል ሆነ፤ በአንዳንዱ እጅግ ተሳሳተ። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ፤ ስሕተቱን ደብቄ ብሟገት ክርክሬ ዋጋ አይኖረውም።

ጎልድ የተወለደው በ1920 ቪየና ውስጥ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ በማዕድን ሥራና ንግድ የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ቤተሰቡ በርሊን ሲኖር በ1933 ሂትለር ሥልጣን ያዘ፤ አባትየው የአይሁድ ዘር ነበሩና ጀርመንን ለቅቀው ወጡ። ልጁ ስዊዘርላንድ ውስጥ በአዳሪ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1939 ምሕንድስና ለማጥናት እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ገባ። ብዙም ሳይቆይ በ1940 እንግሊዞች «የጠላት አገር ሰው» ብለው ያዙት። ከሂትለር የሸሸውን ወጣት የሂትለር ሰላይ እንዳይሆን ፈርተው በሽቦ አጥር ውስጥ አጎሩት፤ በመርከብም ጭነው እስከ ካናዳ አደረሱት። እናንተ ከስደተኛ መጠለያ ያለፋችሁ አንባቢዎች፣ ይህን ታሪክ እኔ ላብራራላችሁ አያስፈልግም።

በዚያ እስር ቤት ሄርማን ቦንዲ ከሚባል ሌላ የቪየና ልጅ ጋር ተገናኘ። ቦንዲ የሒሳብ ሰው ነበር፤ ጎልድ የማሽን ሰው። ከተፈቱም በኋላ አልተለያዩም። ጎልድ በ1942 ዲግሪውን ይዞ ለእንግሊዝ ባሕር ኃይል የራዳር ምርምር ተቀጠረ፤ እዚያም ቦንዲና ፍሬድ ሆይል የተባለ እንግሊዛዊ አብረውት ሠሩ። ቀን ቀን ስለ ራዳር፣ ማታ ማታ ስለ ከዋክብት ይከራከሩ ነበር። ልብ በሉ፤ ሰውየው ሥነ ፈለክን በክፍል አልተማረም። የተማረው በእስርና በጦርነት መካከል፣ ከጓደኞቹ አፍ ነው። የዶክትሬት ትምህርትም አልተከታተለም።

አሁን ወደ ጆሮው ልምጣ። ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምናገረው ለክርክሬ ዋናው ስለሆነ ነው፤ እግረ መንገዴንም የድሮው መምህርነቴ ስለሚቀሰቀስብኝ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጎልድ ከሪቻርድ ፓምፍሪ ጋር መሥራት ጀመረ። ፓምፍሪ የእንስሳት ሳይንስ ሊቅ ሲሆን እሱም በጦርነቱ ጊዜ በራዳር ሥራ ላይ ነበር። ጥያቄያቸው ይህ ነበር፦ የሰው ጆሮ እጅግ የተቀራረቡ ሁለት ድምፆችን እንዴት ይለያል? ክራር የሚቃኝ ሰው ጅማቱን በጥቂቱ ሲያጠብቅና ሲያላላ ልዩነቱን ወዲያው ይሰማል። ይህን የሚሠራው በውስጠኛው ጆሮ ያለው፣ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመጠመ አካል ነው። በውስጡ ፈሳሽ አለ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ዥዋዥዌ በአየር ላይ ብትገፉት ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ውኃ ውስጥ ብትገፉት ግን ወዲያው ይቆማል። በፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ነገር እንደ ክራር ጅማት ረዝሞ ሊርገበገብ አይችልም። ረዝሞ ካልተርገበገበ ደግሞ የተቀራረበ ድምፅ ሊለይ አይችልም። እኛ ግን እንለያለን።

ለእንስሳት ሊቃውንት ይህ እንቆቅልሽ ነበር። ለሬዲዮ ሰው ግን መልሱ የታወቀ ነው። የድሮ ሬዲዮ መቀበያዎች የተዳከመውን ሞገድ የሚያበረቱት ከመውጫው ጥቂት ኃይል ቀንሰው ወደ መግቢያው በመመለስ ነበር። ጎልድ «ጆሮም እንዲሁ ያደርጋል፤ በውስጡ የሚያግዝ፣ ኃይል የሚጨምር ሕያው ክፍል አለ» ብሎ በ1948 ጻፈ። ከዚያም አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ ነገሩ እውነት ከሆነ ጆሮ አልፎ አልፎ ራሱ ድምፅ ማውጣት አለበት አለ። በሠርጋችን አዳራሽ ማይክሮፎኑ ወደ ድምፅ ማጉያው ሲጠጋ የሚጮኸውን ጩኸት ታውቁት የለ? ያው ነው፤ የሚመለሰው ኃይል ሲበዛ መሣሪያው ራሱ ያፏጫል።

ማን ሰማው? ማንም። በጊዜው በመስኩ የሚታመነው ጌኦርግ ፎን ቤኬሺ የሚባል ሊቅ ነበር። ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ጆሮ እየመረመረ በፈሳሹ ውስጥ የሚጓዘውን ሞገድ በዓይኑ አየ፤ ሥራው ታላቅ ነውና በ1961 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ሆኖም የሞተ ሰው ጆሮ አይሰማም። ጎልድ የተናገረለት ሕያው እገዛ ከሰውየው ጋር አብሮ ይሞታል፤ በሬሳ ላይ ቢፈልጉት አይገኝም። የሚያስቀው ደግሞ ቤኬሺ ራሱ ሐኪም አልነበረም! የሃንጋሪ ፖስታና ስልክ መሥሪያ ቤት የስልክ መሐንዲስ ነበር። ድንበር ዘላዩን የሚያባርሩበት ምሽግ ራሱ በሌላ ድንበር ዘላይ የተሠራ ነበር ማለት ነው።

ጎልድ ተወውና ወደ ከዋክብቱ ሄደ። ሠላሳ ዓመት አለፈ። በ1978 ዴቪድ ኬምፕ የተባለ ሳይንቲስት ለንደን ውስጥ ትንሽ ማይክሮፎን በሰው ጆሮ ቀዳዳ አድርጎ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ላከ። ከጥቂት ሺኛ ሴኮንዶች በኋላ ጆሮው መልሶ ድምፅ አወጣ። በ1985 ደግሞ ዊልያም ብራውኔልና ባልደረቦቹ በጆሮ ውስጥ ያሉ ፀጉር መሰል ሕዋሳት በኤሌክትሪክ ሲነኩ እንደሚያጥሩና እንደሚረዝሙ አሳዩ። ጎልድ የጠረጠረው እገዛ አካል አገኘ።

በዚህ አገር ልጅ የወለዳችሁ ሁሉ ይህን ነገር ሳታውቁት አይታችሁታል። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አንዲት ሠራተኛ ትመጣና በጆሮው ትንሽ ለስላሳ መሰኪያ ታስገባለች፤ ሕፃኑ ተኝቶ ሳለ መሣሪያው «አልፏል» ይላል። በብዙ ሆስፒታል የሚደረገው ይህ ምርመራ ጆሮው መልሶ የሚያወጣውን ድምፅ የሚያዳምጥ ነው። መናገር የማይችል ሕፃን «እሰማለሁ» ብሎ የሚመሰክርበት መንገድ ነው። ቀደም ብሎ ያልታወቀ ድንቁርና — የጆሮን ድንቁርና ማለቴ ነው — የልጁን አንደበት ይዞ ያስቀራል፤ ይህ ምርመራ ከዚያ ያድናል።

እርግጥ ነው፣ በ1948 የነበረው ማይክሮፎን ያን ደካማ ድምፅ ለመያዝ የሚበቃ አልነበረም፤ ጥፋቱ ሁሉ የሊቃውንቱ አይደለም። ነገር ግን መሣሪያ የሚሻሻለው የሚፈልገው ሰው ሲኖር ነው። ማንም የማይፈልገውን ድምፅ የሚያዳምጥ ማይክሮፎን ማን ይሠራል?

ሁለተኛውን ታሪክ ባጭሩ ልንገራችሁ። በ1967 ጆስሊን ቤል የምትባል የካምብሪጅ ተማሪ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ በየ1.337 ሴኮንዱ የሚመታ ምልክት ከሰማይ አገኘች። ግኝቱ በ1968 መጀመሪያ ሲታወጅ ሊቃውንቱ ሁሉ ግራ ተጋቡ። ጎልድ በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነበር። መልሱ «የሚሽከረከር ኒውትሮን ኮከብ ነው» የሚል ሆነ፦ ከፀሐይ የማያንስ ክብደት ያለው፣ ስፋቱ ግን ከአንድ ከተማ የማይበልጥ፣ እንደ ባሕር ዳር የመብራት ማማ እየዞረ ጨረሩን የሚወረውር ኮከብ። ስለዚህ ጉዳይ በተጠራ ስብሰባ ላይ ለመናገር ቢጠይቅ አዘጋጆቹ አምስት ደቂቃ እንኳ ነፈጉት። ሐሳቡ ከልክ ያለፈ እብደት መሰላቸው።

ጎልድ ግን ክርክሩን ለመፈተሻ የሚሆን ነገር አስቀምጦ ነበር። «የሚሽከረከር ነገር ኃይሉን እያጣ ስለሚሄድ ምቱ በጥቂት በጥቂቱ መዘግየት አለበት፤ ከዚህም የፈጠኑ ይገኛሉ» አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ቻይናውያን በ1054 ሲፈነዳ ያዩት ኮከብ በቀረበት ጭጋግ ውስጥ በሴኮንድ 30 ጊዜ ገደማ የሚመታ ተገኘ። ፖርቶ ሪኮ፣ አሬሲቦ ባለው ትልቅ ቴሌስኮፕ ሲለኩት ምቱ በእርግጥ ይዘገያል። ነገሩ አለቀ። (ያ ባለ 305 ሜትር ቴሌስኮፕ በ2020 ተደርምሶ ወደቀ፤ ሳየው እንደ ዘመድ ሞት ነው ያዘንኩት።) ፍራንኮ ፓቺኒ የተባለ ጣሊያናዊም ተመሳሳይ ሐሳብ ከግኝቱ በፊት ጽፎ ነበርና ምስጋናው ለሁለቱም ነው።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ጎልድ ይህን ያየው የከዋክብትን መጽሐፍ ከሌሎቹ አብልጦ ስላነበበ አይደለም። ስለ ምድር መሽከርከር ያሰበ ሰው ነበር። በምድር ዙሪያ ያለውን የማግኔት ክልል በ1959 «ማግኔቶስፌር» ብሎ የሰየመው እሱ ነው። መሽከርከርንና ማግኔትን ከዚህ ከቤታችን ተምሮ ወደ ሰማይ ወሰደው።

አሁን ተቃዋሚዎቼ የሚጠብቁት ቦታ ደረስን። «ይኸው ሰው አልተሳሳተም ወይ?» ተሳስቷል እንጂ! በ1948 ከቦንዲ ጋር ሆኖ ዓለም መጀመሪያ የላትም፣ እየሰፋች ስትሄድ አዲስ ነገር በየጊዜው ይወለድባታል የሚል ትምህርት አወጣ፤ ሆይልም በራሱ መንገድ ያንኑ አለ። በ1965 ፔንዚያስና ዊልሰን ከሰማይ ሁሉ የሚመጣውን የጥንት ሙቀት ቅሪት ሲያገኙ ያ ትምህርት ፈረሰ። ጎልድ በጨረቃ ላይ ብዙ ትቢያ አለ ብሎ በ1955 ጻፈ፤ በ1969 ሰዎች ሲወርዱ ትቢያው አለ፣ የእግራቸው ዱካም በፎቶግራፍ ታየ፤ ጥልቀቱ ግን እሱ የፈራውን ያህል አልነበረም።

ትልቁ ግን የነዳጁ ነገር ነው። ጎልድ ነዳጅ ዘይትና ጋዝ ከሞቱ ዕፀዋትና እንስሳት የመጡ አይደሉም፣ ምድር ስትፈጠር ጀምሮ በጥልቁ ያሉ ናቸው አለ። ከእሱ በፊት የሶቭየት ሊቃውንት ያሉት ነገር ነው። ምክንያቱም የከዋክብት ሰው ምክንያት ነበር፦ ሳተርን በምትባለው ፈለክ ዙሪያ በምትዞረው በቲታን ላይ ሜቴን ጋዝ አለ፤ እዚያ ምን ደን በቅሎ፣ ምን ዓሣ ሞቶ ያውቃል? አሳማኝ ይመስላል። ሃሳቡን ለመፈተሽ ስዊድን ውስጥ፣ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ በጥንት ጊዜ በሰነጠቀው በሲልያን ጥቁር ድንጋይ ላይ ከ1986 ጀምሮ ከ6 ኪሎ ሜትር በላይ ጉድጓድ ተቆፈረ። ለገበያ የሚሆን ነዳጅ አልወጣም። የመሬት ሊቃውንቱ በነዳጅ ውስጥ የሕይወት አሻራ የሆኑ ሞለኪውሎች መኖራቸውን ያመለክቱ ነበር፤ ዛሬም የዓለም ነዳጅ ከሞላ ጎደል ከሕይወት ቅሪት እንደ መጣ የሚያጠራጥር ነገር የለም። በዚህ ጉዳይ ትክክል የነበሩት ባለሙያዎቹ ናቸው፤ ጎልድ አይደለም።

ይሁንና ክርክሩ ምን እንደ ወለደ ተመልከቱ። ጎልድ ለዚያ የሕይወት አሻራ መልስ መስጠት ነበረበት። «አሻራው ከላይ የወረደ አይደለም፤ እዚያው በጥልቁ፣ በትኩሱ ድንጋይ ውስጥ ያንን ዘይት የሚመገቡ ረቂቅ ሕዋሳት አሉ» አለ። በ1992 አንድ ጽሑፍ አወጣ፤ ከምድር በታች ያለው ሕይወት ብዛቱ ከላይ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል የሚል። ሌሎችም በጥልቁ ሕዋሳት እያገኙ ነበር፤ እሱ ግን ስፋቱን ደፍሮ ተናገረ። እሱ በ2004 ሞተ። በ2018 በብዙ አገር ያሉ ተመራማሪዎች የተባበሩበት የጥልቅ ካርቦን ጥናት፣ በምድር ላይ ካሉት ባክቴሪያና መሰሎቻቸው 70 በመቶ ያህሉ የሚኖሩት ከምድር ወለል በታች እንደሆነ ገመተ። በነዳጁ የተሳሳተው ሰው፣ ስሕተቱን ለማዳን ሲሯሯጥ፣ ማንም ብዙ ያላሰበበትን ዓለም አመለከተ።

የመሬት ሊቃውንቱን የማከብራቸው ያሸነፉት በጉድጓድና በሞለኪውል ስለሆነ ነው። «አንተ የከዋክብት ሰው ነህ፣ ዝም በል» ያሉትም ነበሩ፤ ያ ቃል ግን አንድ ሜትር አልቆፈረም። የጎልድ መብት ትክክል ስለሆነ የመጣ መብት አይደለም። የሚለካ ነገር ተናግሯል፤ ሲለካም ፊቱን አላዞረም። እኔም የምከራከርለት ለዚህ ዓይነቱ ድንበር ዘላይ ነው። በዩቲዩብ ወጥቶ አንዱን ቅጠል ለስኳርም፣ ለካንሰርም፣ ለመካንነትም የሚሸጠውን ሰው ከጎልድ ጋር አንድ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩብኝ። ያ ሰው ድንበር አልዘለለም፤ ከሚዛን ነው የሸሸው።

እንግዲህ ወደ ራሳችን። እኛ «ሙያህን ጠብቅ» የሚለውን ከየት አመጣነው? የአባቶቻችን ብቻ ነው አትበሉኝ። በቤተ ክህነት ትምህርት አራቱን የመጻሕፍት ጉባኤያት የጨረሰ ሊቅ «አራት ዓይና» ይባላል፤ ከዚያ የሚበልጥ ምስጋና የለም። አንዱን ብቻ ያወቀውን የሚያከብር ሕዝብ፣ አራቱን ያወቀውን አብልጦ ያከብር ነበር። ከዘመናዊው ትምህርት ጋር ግን ልጁን በአሥራ አንደኛ ክፍል በር ላይ አቁመን «ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ?» እንላለን። እኔ በዚያ በር ላይ ቆሜ አስተምሬያለሁ። ግጥም የሚጽፍ፣ ፊዚክስም የሚወድ ልጅ አንዱን እጁን ቆርጦ ሲገባ አይቻለሁ። ከ2008 ወዲህ ደግሞ መንግሥት ከመቶ ሰባውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳውን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እመድባለሁ ብሎ ነበር። የሰው አእምሮ እንደ ጤፍና ስንዴ ተሰፍሮ ተመደበ።

ይህን ልማድ ከሻንጣችን ጋር ይዘነው መጣን። በምኖርበት ከተማ ያለው ማኅበራችን ለኮሌጅ ተማሪዎች የሚሆን ትንሽ የገንዘብ ድጋፍ አለው፤ እኛው ሾፌሮቹ፣ ነርሶቹ፣ የመኪና ማቆሚያ ሠራተኞቹ ያዋጣነው ነው። ባለፈው ዓመት ኮሚቴው አዲስ ደንብ አረቀቀ፦ ድጋፉ «በጤና ወይም በኮምፒዩተር ትምህርት ለሚሰለጥኑ ብቻ» ይሆናል። በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ሊጸድቅ ነው። በእናንተም ከተማ ተመሳሳይ ነገር እንዳለ ከሚጽፉልኝ ወዳጆቼ እሰማለሁ።

በዚህ ረቂቅ ደንብ የመጀመሪያዋ ተጎጂ የአንድ የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ናት። ልጅቷ የወፎችን ድምፅ እየቀረጸች በኮምፒዩተር ታጠናለች፤ አንድ ወፍ ከተማ ውስጥ ሲኖር ድምፁን ከመኪናው ጩኸት በላይ ለማድረግ ይቀይራል ወይ የሚለውን። የሥነ ሕይወትም የሒሳብም ተማሪ ናት። ማመልከቻዋን ያየው የኮሚቴ አባል «ወይ ኮምፒዩተር በይ፣ ወይ ወፍ በይ» ብሎ መለሰላት። አባትየው አፍሮ ነው የነገረኝ። ያፈረው በኮሚቴው አልነበረም፤ በልጁ ነበር። እኔን ያስቆጣኝ ይህ ነው።

የኮሚቴውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ ክብደትም አለው። «እኛ የቤት ኪራይ የምንከፍል፣ አገር ቤት የምንልክ ሰዎች ነን፤ ለልጆቻችን መጀመሪያ እንጀራ ያስፈልጋቸዋል፤ የጎልድ አባት ሀብታም ነበሩ» ይላሉ። ልክ ነው፣ ነበሩ። ስለ እንጀራም ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት የምነዳው ለሱ ነው። ባለቤቴ ነርስ ናት፤ ቤታችን የቆመው በእሷ ሙያ ነው። ነርስነትን ማንም አይንቅብኝም።

ነገር ግን ባለቤቴ በሽተኛ እየገፋች የምታስገባበት ያ ትልቅ የማግኔት መሣሪያ፣ ኤምአርአይ የሚሉት፣ ከየት መጣ? ሥሩ ፌሊክስ ብሎክና ኤድዋርድ ፐርሰል በ1946 በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ያገኙት ነገር ነው፤ በሽተኛ የሚባል ነገር በሐሳባቸው አልነበረም። ያው ፐርሰል በ1951 ከሃሮልድ ኢወን ጋር በከዋክብት መካከል ያለው ሃይድሮጂን የሚልከውን የሬዲዮ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘ። አንዱ ሰው በአንድ እጁ የሆስፒታሉን ማሽን ሥር ተከለ፣ በሌላው የሰማዩን ካርታ ከፈተ። በሕፃናቱ ጆሮ መሰኪያ የምታስገባዋ ሠራተኛም እንጀራዋን የምትበላው የራዳርና የእንስሳት ሊቃውንት አንድ ገበታ ላይ ስለ ተቀመጡ ነው። «የጤና ትምህርት» ብሎ ደንቡ የሚያጥረው ግቢ ራሱ አጥር በዘለሉ ሰዎች የተሠራ ነው።

ደግሞስ ደንቡ ለማን እንጀራ ይጨምራል? ነርስነት የምትፈልግ ልጅ ያለ ደንቡም ታመለክታለች፣ ታገኛለችም። ደንቡ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሌላዋን ማስወጣት። አስወጥቶም ገንዘቡን አያበዛውም።

«ታዲያ ሁሉም ወፍ ቢያጠናስ?» ያለኝ ሰው አለ። ሁሉም ወፍ አያጠናም። በእኛ መካከል ወፍ የምታጠና አንዲት ልጅ ተገኝታለች፤ ሁለተኛ ከተገኘች ንገሩኝ።

እኔ ለስብሰባው የማቀርበው ማሻሻያ አንድ መስመር ነው፦ ድጋፉ በማንኛውም መስክ ለሚማር የማኅበሩ ልጅ እንዲሰጥ፣ አመልካቹ ምን መመርመር እንደሚፈልግና ትክክል መሆኑን በምን እንደሚያውቅ በሁለት ገጽ እንዲጽፍ። ሁለተኛውን ጥያቄ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። የወፏ ተማሪ ይህን ቀድማ ጽፋዋለች፤ ማመልከቻዋን እንደገና ስታስገባ አብሬያት ነበርኩ። በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ሥዕል አለ፦ ጠዋት ከመኪናው ጩኸት በፊትና በኋላ የተቀረጸ የአንድ ወፍ ድምፅ፣ እንደ ተራራ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሣለ። ኮሚቴው ማመልከቻውን ሳይከፍት እንዳይመልሰው፣ ቢያንስ እስከዚያ ሥዕል ድረስ እንዲገልጠው እለምናለሁ። ስብሰባው ላይ ድምፅ የመስጠት መብት ያላችሁ አባላትም በዕለቱ እንዳትቀሩ።